የኮሎኔሉ ልጆች

የእህቴ ባል ዶን ኤሊዮዶሮ በሆንዱራሷ ላ ሴይባ ከተማ፣ ከአሮጌው ባቡር ሐዲድ ወዲህ ባለው ሰፈራችን፣ ዝነኛ ዘንዶ አርቢ ናቸው። ዝናውን ያሰራጩትም ራሳቸው ናቸው። አንቱ የምላቸው አክብሬ እንዳይመስላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር፣ አንተ ለመባባል የሚያበቃ አንድም ሥራ አብረን ስላልሠራን ነው።

አፍ ያለው ያግባሽ ይባላል፤ እህቴ ኦብዱሊያ ምክሩን ሰምታ አፍ ያለውን አገባች። ከአፋቸው የተረፈው አካል በረንዳው ላይ ሃማክ ውስጥ ተኝቷል። በሁለት ምሰሶ መሃል በተሰቀለው በዚያ የጨርቅ አልጋ እየተወዛወዙ፣ እህቴ የተከለችው አቮካዶ ሲያፈራ "ዘንድሮስ አቮካዶዬ ካሰኝ" ይላሉ። በእህቴ የስፌት መኪና የተማረችው ልጃቸው ነርስ ሆና ስትመረቅ፣ ስለ አባትነት ድካም ግማሽ ሰዓት ንግግር አደረጉ። የሰፈሩ ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ እግሬን አሞኝ ቆሜ ነበር፣ ቁጭ በይ ያለኝ አልነበረም።

ዘንዶዎቹ የመጡት ከአራት ዓመት በፊት ነው። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ወደ ተጉሲጋልፓ ሲሄድ፣ ከባሕሩ ማዶ ካሉት ደሴቶች የመጡ ሁለት ትንንሽ ዘንዶዎች በሳጥን ትቶልን ሄደ። ርዝመታቸው ሦስት ክንድ አይሞላም፤ ቀን ጠቆር ይላሉ፣ ሲመሽ ቆዳቸው ወደ ሮዝ ይነጣል። የትኛው ወንድ የትኛዋ ሴት እንደሆነች ሰውዬው አልነገረንም። ዶን ኤሊዮዶሮ ግን ምን ገዷቸው! ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው መረመሩና አንገተ ወፍራሙን፣ ፊተ ኮስታራውን መረጡ።

"ይሄ ፊት የአዛዥ ፊት ነው" አሉ።

ስሙ ኮሎኔል ሆነ። ሌላዋ ዝምተኛ ስለሆነች ሴት ተባለች፤ ፔርላ። እባብ ሁሉ ዝምተኛ መሆኑን ማንም አላስታወሳቸውም።

ከዚያ ሥራው ተከፋፈለ፤ እሳቸው አርቢ ሆኑ፣ እህቴ አረባች። ለምግባቸው የሚሆኑትን አይጦች ጓሮ ታራባለች፣ ሳጥኑን ትጠርጋለች፣ ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን ቴርሞሜትር በቀን አራት ጊዜ ታያለች። መብራት ሲጠፋ፣ እኛ ጋ ደግሞ መብራት መጥፋት ይወዳል፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታ በፎጣ ጠቅልላ ለፔርላ ታስታቅፋታለች። ዶን ኤሊዮዶሮም ከሃማኩ "በርቱ፣ በርቱ" ይላሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ኔፍታሊ ሴት ዘንዶ ነበረችው። ወሬውን ሰምቶ ኮሎኔልን ለአንድ ወር ተዋሰ፤ ለውለታውም አንድ የአሳማ ግልገል ሰጠ። ወር ሞላ፣ መንፈቅ አለፈ፤ ምንም የለም።

"ጥፋቱ ከኮሎኔል አይደለም፣ ወንድሜ" አሉት ዶን ኤሊዮዶሮ በሐዘን። "ያንተዋ መካን ናት። ምን ታደርገዋለህ? የእግዜር ሥራ ነው።"

ኔፍታሊ አፍሮ ምስኪኗን ለአማቹ ሰጠ። አሳማውን ለገና በሙዝ ቅጠል ጠቅልለን ቀቅለን በላነው። እውነቱን ለመናገር ጣፋጭ ነበር።

ዘንድሮ ፔርላ አበጠች። ምግብ እምቢ አለች፤ ቀኑን ሙሉ ሳጥኗን የሚያሞቀው አምፖል ሥር ሆዷን ወደ ላይ ገልብጣ ትተኛለች። በሐምሌ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰባት ወለደች። እያንዳንዳቸው የሽንኩርት ልጣጭ በሚያህል ስስ ሽፋን ተጠቅልለው ወጡ፤ እህቴ ተንበርክካ ሁሉም ሽፋኑን ቀድዶ እስኪተነፍስ ድረስ አልተነሳችም። ዶን ኤሊዮዶሮ ኔፍታሊ ጋ ጺማቸውን ሲላጩ ነበር። ተመልሰው አዩ፣ ሲጋራ ለኮሱና ደረታቸውን ነፉ።

"እኔና ኮሎኔል አደረግነው!"

ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። የደን መሥሪያ ቤቱ፣ የደሴት ዘንዶ የሚያረባ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ፣ ያለ ፈቃድ የተገኘ ይወረሳል ሲል አስታወቀ። ዶን ኤሊዮዶሮ ቅጹን በራሳቸው ስም ሞሉ። በዚያው ሳምንት አንድ የሳን ፔድሮ ሱላ ነጋዴ፣ ፈቃዱ እጅዎ ሲገባ እናትየዋን ከነወረቀቷ እገዛለሁ አላቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉ።

"ፔርላ አትሸጥም" አለች እህቴ ይህን ስትሰማ።

"ቅጹ ላይ የማን ስም ነው ያለው?"

"ያንተ።"

"በቃ እንግዲህ! አንቺ ደግሞ ለእባብ ታለቅሻለሽ እንዴ?"

አላለቀሰችም፤ እሳቸው ፊት። ጓሮ ስሄድ አይጦቹ መሃል ቁጭ ብላ አገኘኋት።

"ፊደሊና" አለችኝ፣ "ሙቅ ውሃ ያስታቀፍኳት እኔ ነኝ። በሕይወቴ የኔ የምለው ነገር ቢኖር እሷ ናት።"

ተናደድኩ። አሁንም ስጽፈው ያናድደኛል።

ቅዳሜ የመሥሪያ ቤቱ የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ኢልሲያ መጣች፤ ወጣት፣ ጫማዋ ጭቃ የጠገበ፣ ሳቅ የማታበዛ። ዶን ኤሊዮዶሮ እህቴ የተኮሰችላቸውን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተቀበሏት። ስለ ኮሎኔል የዘር ሐረግ፣ ስለ ራሳቸው ምስጢራዊ ዘዴም አስረዷት።

"መልካም" አለች ዶክተሯ። "ከመገናኘታቸው በፊት ሌሊቱን ስንት ዲግሪ ድረስ አቀዘቀዟቸው?"

"ማቀዝቀዝ? ልጄ፣ ፍቅር ሙቀት ነው የሚፈልገው!"

"ሃያ ሁለት" አለች እህቴ ከወጥ ቤት። "የሰሜኑ ነፋስ ሲመጣ ለሁለት ወር፣ ማታ ማታ ብቻ። ቀን ሠላሳ።"

ዶክተሯ ጻፈች። "እርጉዝ ሳለች ጠባይዋ እንዴት ነበር?"

"እንደ ሴት ነዋ! ኮምጣጣ ነገር ያምራታል" አሉ ዶን ኤሊዮዶሮ።

"አምስት ወር አልበላችም" አለች እህቴ። አሁን እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ቆማለች። "ሆዷን ለአምፖሉ ሰጥታ ትተኛ ነበር።"

ዶክተር ኢልሲያ ቀና ብላ አየቻት፤ ደግማ ጻፈች። ከዚያ አባትየውን ልይ አለች። ኮሎኔልን ይዛ ጅራቱን ገለበጠች፤ ወንዶቹ ጅራታቸው ሥር የሚያበቅሏትን ጥፍር መሳይ ነገር ፈለገች። ቀጭን የብረት ዘንግ አውጥታ በቀስታ ለካች። ደግማ ለካች።

"ዶን ኤሊዮዶሮ፣ ይህቺ ሴት ናት።"

"ማን?"

"ኮሎኔል።"

ዶን ኤሊዮዶሮ ፊታቸው እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቶ፣ ቀስ ብለው ወደ እህቴ ዞሩ።

"ኦብዱሊያ! ማነው ቤቴ የገባው?"

"ምኑ?"

"ወንድ ነዋ! እኔ ቤት በሌለሁበት የማንን ወንድ ነው ያስገባሽባት? ተናገሪ!"

እናቴ ትሙት፣ በፔርላ ቀኑ። ደግነቱ ዶክተሯ ሰባቱንም ግልገሎች አንድ በአንድ አይታ ጨርሳ ነበር።

"ማንም አልገባም" አለች። "ሰባቱም ሴቶች ናቸው። ከስንት አንዴ እንዲህ ያጋጥማል፤ እናትየዋ ያለ ወንድ ብቻዋን ትወልዳለች። ደሙን ወስጄ አስመረምራለሁ እንጂ ሌላ መልስ አይታየኝም።"

"ብቻዋን?" አሉ ዶን ኤሊዮዶሮ።

"ብቻዋን። አባት የለም።"

እህቴ መጀመሪያ አፏን በሽርጧ ያዘች። አልሆነላትም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

"ወይ ፔርላ!" አለች ትንፋሽ ሲመለስላት። "ለካ አንቺም እንደኔ ነሽ!"

ዶክተሯ ቅጹን አወጣች። አርቢ የሚለው ቦታ ላይ ያለውን ስም በአንድ መስመር ሰርዛ፣ እስክሪብቶውን ለእህቴ ዘረጋችላት።

"ፈቃድ የሚሰጠው ለሚያረባው ሰው ነው፣ ዶኛ ኦብዱሊያ። እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

ፈረመች።

ዶን ኤሊዮዶሮ ሁለት ቀን አኮረፉ፤ ከዚያ በላይ አልቻሉም። ሰኞ ኔፍታሊ ጋ ሄደው፣ በመላው ሆንዱራስ ያለ ወንድ ዘንዶ ያስወለደ ብቸኛ ሰው እሳቸው መሆናቸውን አስረዱ። በሬ ወለደ ሲሉ የኖሩ ሰው፣ አንዴ እውነት ቢያጋጥማቸው እንዴት ይለፋቸው! ኔፍታሊ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳምጦ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ አሳማዬስ?

ኀሙስ የሳን ፔድሮ ሱላው ነጋዴ በፒካፕ መጣ። እኔ ባቄላ እለቅም ነበር።

"ዶን ኤሊዮዶሮ፣ ፈቃዱ ወጣ አሉኝ። ዘንዶዋን ልውሰዳት።"

ሃማኩ መወዛወዙን አቆመ። ዶን ኤሊዮዶሮ ነጋዴውን አዩት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አዩት፣ እኔን አዩኝ። እኔ ባቄላዬን አየሁ።

"ኦብዱሊያ!" አሉ በመጨረሻ። "ነይ፣ አንቺን የሚፈልግ ሰው መጥቷል።"

በዚያ በር ስንት ሰው መጥቶ ሄዷል፤ እሷን ፈልጎ የመጣ ግን የመጀመሪያው ነበር። አልዋሽም፣ አለቀስኩ፤ እግሬን አላመመኝም።

እህቴ ወጣች። "አትሸጥም" አለች። ሰውዬው ዋጋ ሊጠራ አፉን ከፈተ። "አትሸጥም አልኩህ እኮ፣ ልጄ። ደኅና ግባ።" ፒካፑ አቧራውን አንስቶ ሄደ።

"እሰይ!" አሉ ዶን ኤሊዮዶሮ ከሃማኩ፣ እጃቸውን እያፋተጉ። "አባረርነው!"

እህቴ መለስ ብላ አየቻቸው።

"አባረርነው ካልክ፣ የአይጦቹንም ሳጥን አብረን እንጠርጋለን። መጥረጊያው ጓሮ ነው።"

ሊመልሱ ፈልገው አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን ከሰው ሁሉ በፊት የሚደርስላቸው ያ አፍ ያን ቀን ከዳቸው። ተነሱ። ቀበቷቸውን አጥብቀው ወደ ጓሮ ሄዱ። ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ የዚያ ሃማክ መሃሉ ቀይ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።