መርከቡ እንዲሞላ የጸለይነው

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለበትም። ታላቅ እህቴ ከሶዶ ሄዳ በመዝናኛ መርከብ ላይ የእንግዳ ክፍል አጽጂ ሆነች፤ በጊዜዋም አልተመለሰችም። ነገሩ ይኸው ነው።

ስትሄድ ታጭታ ነበር፤ እጮኛዋ ቦምቤ ከተማ የሚያስተምር ታጋሽ ሰው ነው። ኮንትራቷ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ያልቃል፤ ከዚያ ሠርግ ይሆናል ተባለ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት መርከቡ ግማሹ ባዶ ነበር። «እንግዳ ካልመጣ ሠራተኛ ይቀንሳሉ» ብላ ደወለች። እናቴ ደንግጣ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቆመች፦ «መርከቡ ሰው እንዲሞላ ጸልዩልኝ።» ማንም አልሳቀም። አጥብቀን ጸለይን።

ሞላ።

«እማዬ፣ ጢም ብሏል» አለች እህቴ። «ድሮ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ አሉ። አሁን ሙሽራው፣ ልጅ ያዘለው፣ ሁሉም ባሕር ላይ ካልተዝናናሁ ይላል። ፈቃድ የለም፤ ኮንትራቱን አራዘሙብን።»

«እምቢ በያቸው!»

«እምቢ ካልኩ ሁለተኛ አይጠሩኝም።»

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ያስያዘ ሰው ጸሎቱ ሲመለስለት ወጥቶ ይመሰክራል። እናቴም ወጣች። «ጌታ መርከቡን ሞላው» አለችና ሌላውን ሳትናገር ተቀመጠች። ውጭ ላይ ጎረቤታችን ያዘቻት፦ «አንቺ፣ አሁን ደግሞ እንዲበሳ እንጸልይልሽ?» ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ከልቤ፣ «ልጄን ልቀቅልኝ ብለሽ ጌታን እንደገና ጠይቂ» አልኳት እናቴን።

«የሰጠኝን መልሰህ ውሰድ ልበለው?»

በጊፋታ እጮኛዋ መጣ። ሥጋው ቀርቦለት ብዙም አልበላም።

«እማማ፣ አባቴ አርጅቷል። የልጅ ልጅ ሳላይ ልሙት ወይ ይለኛል።»

«እስከ ፋሲካ ጠብቃት፣ ልጄ።»

«እስከ ፋሲካ ሰው መዝናናት ይተዋል?»

 ከገና በፊት የእሱ ጋብቻ በእኛው ጉባኤ ተነገረ፤ ሙሽራዋ ከመዘምራኑ አንዷ ነበረች። ሁሉም «አሜን» አለ፤ እናቴም አለች።

በሠርጉ ቀን እህቴ ደወለች። መርከቡ ላይ አዲስ ሙሽሮች ስለገቡ አልጋቸው ላይ ፎጣ በዳክዬ ቅርጽ እያጠፈች ነበር።

«እማዬስ?»

«ከሴቶቹ ጋር የሠርጉን ወጥ እያማሰለች ነው።»

«በይ፣ ጠሩኝ» ብላ ዘጋች። ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።