የእትዬ ውዴ ተራራ

መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ፍኖተ ሰላም ላይ እንደታሰርን አለን። ትላንት መብራት ሲጠፋ ጎረቤቴ በከሰል ካውያ ነጠላ ትተኩስ ነበር። የእርጥብ ጨርቅና የፍም ሽታ በመስኮት ሲገባ እትዬ ውዴ ትዝ አሉኝ።

አባቴ አትክልተኛ በነበረበት ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበሩ። ሆቴሉ በንጉሡ ዘመን የተሠራ፣ የድንጋይ ግድግዳው ሐረግ የለበሰ፣ የእንጨት ደረጃው ሲረግጡት የሚያቃስት ነው። እንግዶች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከማዶ ያለውን ተራራ ፎቶ ያነሳሉ። እትዬ ውዴ የተወለዱት እዚያ ተራራ ግርጌ ነው። በልጅነታቸው ለማያውቁት ጎልማሳ ሲድሯቸው በታንኳ አምልጠው መጡ፤ አባታቸውም ዳግመኛ ደጃቸውን እንዳይረግጡ ገዘቷቸው። ታንኳ ማልዶ ከተነሳ ሳይረፍድ ማዶ ይደርሳል። እሳቸው ግን ግዝቱን ፈርተው አንድም ቀን አልተሻገሩም።

አንሶላ የሚተኩሱት ፊታቸውን ወደ ተራራው አድርገው ነበር። አንድ ክረምት ግን ጠረጴዛውን አዙረው ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጡ። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው አልነበረም።

ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ከአባቴ አገር ከማንኩሳ ሽማግሌ ተላከብኝ። አባቴ እሺ አለ። መሄጃ ቢጠፋኝ መተኮሻ ክፍሉ ገብቼ አለቀስሁ። እትዬ ውዴ ካውያውን አስቀምጠው ወጡና አባቴን ከአትክልቱ መሀል ጠርተው አመጡት፤ ጭቃ በነካ እግሩ ከመስኮቱ ፊት አቆሙት።

«ፈንታ ወንድሜ፣ ከጥዱ ሥር ያለው ቤት ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«የእናቴ ቤት ነው። ከመጣሁ ወዲህ ጧት ጧት ጭሷን ነበር የማይ። ጠረጴዛውን ያዞርሁ ክረምት ጭሱ ቆመ። መሞቷን ያወቅሁት በዚያ ነው፤ መርዶ የነገረኝ የለም።» ወደኔ ዞር አሉ። «አንተስ ልጅህ እንደኔ ብትጠፋ መኖሯን በምን ልታውቅ ነው?»

አባቴ ባርኔጣውን አንስቶ ወደ አትክልቱ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ግን «ልጄ ገና ትማራለች» አላቸው። መስከረም ሲጠባ ቡሬ አክስቴ ዘንድ ገብቼ ዘጠነኛ ክፍል ጀመርሁ።

እትዬ ውዴ እኔ መምህርነት ስማር አረፉ። የተቀበሩትም ከሐይቁ ወዲህ ነው።

ባለፈው ሳምንት የአንዲት ተማሪዬ አባት «ትምህርቱም ቆሟል፤ ከምትቀመጥ ልድራት ነው» አለኝ። ዛሬ ጧት ቤቱ ድረስ ሄጄ የእትዬ ውዴን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርሁት። ሰምቶ ሲጨርስ ለልጅቱ፣ «ለመምህርሽ ወንበር አምጪላቸው፤ ደብተርሽንም ይዘሽ ነይ» አላት።