ዘንቢሉን ሰቅላ የወጣችበት ገበያ

ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ካንዱ ሱቅ ደጃፍ የተሰነጠቀ ሞንታርቦ የድሮ የሕንድ ዘፈን ሲለቅ ከሰማሁ፣ ያ ቀጭን የሴት ድምፅ ቀጥ አድርጎ ወደ ልጅነቴ ከተማ፣ ወደ ቡሬ ይመልሰኛል፤ ወደ ሲኒማው አዳራሽ፣ ወደ እናቴና ወደ ዘንቢሏ።

አስቀድሜ የቤታችንን ጠባይ ልናገር። እኛ ቤት ጥርጣሬ እንደ ጨው ነበር፤ የማይገባበት ወጥ አልነበረም። አባቴ ወፍጮ ቤት ይሠራ ስለ ነበር ሚዛንና ደንበኛ ሲጠራጠር ይውልና፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንደ ተኛ ቤት ሲገባ ደግሞ ውሻው ለምን እንደ ጮኸ ይጠይቅ ነበር። ከአጥር ማዶ የሚኖሩት ታላቅ እህቱ እትዬ ዘውዴ ከሱ ይብሱ ነበር፤ ጎረቤት በማለዳ ውሃ ከደፋች «ምኗን አጥባ ይሆን?» ይሉ ነበር። እኔም ከማን ተወልጄ፣ በበር ሽንቁር ማጮለቅ የተማርኩት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ከዚያ ቤት ሰው የማትጠረጥር እናቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከቤተ ክርስቲያን፣ ከገበያና ከለቅሶ ቤት በቀር ብቻዋን የትም ወጥታ አታውቅም።

ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳትነሳ፣ ስም ሳይወጣላት ታማ ሞተች። እኛ ዘንድ እንዲህ ላለች ሕፃን ድንኳን አይተከልም፣ ፍትሐት የለም፣ ለእዝን ንፍሮ ይዞ የሚመጣም የለም። አባቴና አንድ ጎረቤት በነጠላ ጠቅልለው በዝናብ ወስደው ቀበሯት፤ ከዚያ በኋላ በደጃፍ የሚያልፈው ሰው ሁሉ «እግዜር ይተካ» እያለ አለፈ። እናቴ ድምፅ አውጥታ ልታለቅስ ስትል እትዬ ዘውዴ ክንዷን ይዘው፣ «ተይ አንቺ! ላልተጠመቀ አይለቀስም፤ እንባሽ የሚመጣውን ልጅ ይከለክልብሻል» አሏት። እናቴም የቀረውን ክረምት ሁሉ ዝም እንዳለች ጎመን ቀነጠሰች፣ እንጨት ማገደች፣ ፀጉሬን ሠራችኝ።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ አዳራሹ በገበያ ቀን ሲኒማ ማሳየት ጀመረ። ግድግዳው ላይ አንሶላ የተወጠረበት፣ ከገጠር የመጣው ገበያተኛ አህያውን ደጅ አስሮ የሚገባበት ቤት ነበር፤ እትዬ ዘውዴ ግን «የዱርዬ ጉሮኖ» ይሉት ነበር። በጥቅምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ «ገበያ ደርሼ መጣሁ» ብላ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ፊቷ ግን ቀለል ብሎታል፣ ራት ላይም ሕፃኗ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ያስጠረጠራት ያ ሳቅ ነው።

ከገና በኋላ ደገመችው። እትዬ ዘውዴ ማጀታችን ገብተው ወጡና አባቴን፣ «ወንድሜ፣ ገበያ የሚሄድ ሰው ዘንቢሉን ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል? ሲኒማ ቤቱ ስትገባ ያያት ሰው አለ። ጨለማ የሚወድ ሰው ጉዳይ አለው» አሉት። አባቴ ዱቄቱን ከቅንድቡ ጠረገ። እኔም ይህን በበሩ ሽንቁር ሰማሁ። አንዲት የሰፈራችን ሴት ከሾፌር ጋር ወደ ባሕር ዳር ሄዳ ልጆቿን የጣለችው በዚያው ሰሞን ነበርና፣ እናቴም ትታን ልትሄድ ነው ብዬ፣ ቀሚሶቿ ከሳጥኑ እንዳልጎደሉ በየማታው እመረምር ነበር።

ከጥምቀት በኋላ፣ የሰርጉ ከበሮ ከየመንደሩ በሚሰማበት ጊዜ፣ አባቴ በቀን ከወፍጮ ቤት መጣ። ምሰሶውን አየ፤ ዘንቢሉ ተሰቅሏል። በትሩን አነሳና «ትሁን፣ ነይ» ብሎ በስሜ ጠራኝ። ሚስቱን ፍለጋ ብቻውን የሚወጣ ወንድ የአገር መሳቂያ ይሆናል፤ ልጁን አስከትሎ ሲኒማ የሚገባ ግን አባት ነው፣ ማን ምን ይለዋል።

ውስጡ ጨለማ ነበር፤ ከኋላ ቆምን። አንሶላው ላይ አንዲት ሴት ዝናብ ውስጥ ቆማ ትዘፍናለች፤ ቋንቋውን የሚሰማ አንድም ሰው የለም፣ ሴቱ ሁሉ ግን ይነፋረቃል። አባቴ ከእናቴ አጠገብ ወንድ ይፈልግ ነበር፤ እኔም እፈልግ ነበር። አንሶላው ቦግ ሲል አየናት፤ በሁለት ባላገር ሴቶች መካከል ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች። ከቤት ስትወጣ ጥለቱ እታች ነበር፤ እዚህ ግን እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገቷ አዙራው፣ ደረቷን በቀስታ እየመታች፣ «ልጄን፣ ስም ያልወጣላትን ልጄን» እያለች ታለቅሳለች። አጠገቧ ያለችው ሴት የፊልሙ ነገር መስሏት ጀርባዋን እየዳበሰች፣ «አይዞሽ እቴ፣ መጨረሻው ደግ ነው ይላሉ» አለቻት።

አባቴ የያዘውን እጄን ለቀቀ። ቆቡን አወለቀ፤ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ትንሽ ቆመና፣ መብራት ሳይበራ ይዞኝ ወጣ።

እትዬ ዘውዴ አጥሩ ላይ ይጠብቁን ነበር። «እህ፣ ከማን ጋር አገኘሃት?»

«ለቅሶ ላይ ናት፣ እትዬ።»

«ማን ሞተ ደግሞ?»

«ልጄ» አላቸው።

እትዬ ዘውዴ አጥሩን ለቀው ወደ ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በሰፌድ ይዘው መጡና እናቴ ፊት አስቀመጡላት። እናቴ ንፍሮውን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ከዚያም ጮኻ አለቀሰች፤ ተይ ያላት አልነበረም። አባቴም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ዛሬ ሲኒማው በየሰው ኪስ ነው፤ እናትም ልጅም የየራሱን ስልክ ይዞ ለብቻው ይስቃል፣ ለብቻው ያለቅሳል፣ አንድ ሰው ትንሽ ከዘገየ ግን «የት ደረስክ?» የማይል የለም። አባቴን በድንኳንና በፍትሐት፣ በወጉ አልቅሰን ቀበርነው፤ እናቴም እኔ ዘንድ ትኖራለች። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊቷን ታጥባ «ገበያ ደርሼ መጣሁ» ብላ ትወጣለች። የት እንደምትሄድ አላውቅም፤ እኔ፣ የአባቴ ልጅ፣ ጠይቄያት አላውቅም። ባለፈው ልጄ፣ የአክስቴ አፍንጫ ያለባት ልጄ፣ ዘንቢሉ ምስማሩ ላይ እንደ ተሰቀለ አይታ፣ «እማ፣ አያቴ ዘንቢሏን ረሳች፣ ሮጬ ልስጣት?» አለችኝ።

«ተያት» አልኳት፣ «አልረሳችውም።»