የዳቡስ ተራ

ጀዕፈር ያስተምራል፣ ተማሪዎቹ ይተኛሉ። የአሶሳ ከሰዓት እኮ ሞቃት ብቻ አይደለም፤ ሰውን ወደ ውስጥ ይጎትታል። ምሳ ተበልቶ፣ ማንጎው ተመጥጦ ሁለት መቶ ልጅ አንድ አዳራሽ ሲገባ የጣሪያው ቆርቆሮ ሙቀቱን ቁልቁል ይለቀዋል። ያኔ እንኳን ጂኦግራፊ፣ እሳት ተነሳ ቢባል የሚሰማ ጆሮ የለም። ጀዕፈር ራሱ አንዳንዴ የገዛ ድምፁ ከሩቅ ይመጣበታል፤ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስለዋል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

የዩኒቨርሲቲው የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ዶክተር ሰራዊት አንድ ቀን ቢሮ አስጠሩት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደክሟቸዋል እንጂ።

"ክፍልህ መኝታ ቤት ሆኗል አሉ። በዚህ መንፈቅ ካልነቃልህ ትምህርቱን በቪዲዮ እናደርገዋለን። አንተ ፈተና እያረምክ ትቀመጣለህ።"

ፈተና ማረም! ከኩርሙክ መንገድ ዳር መንደር ተነስቶ እዚህ የደረሰው ሰው ፊት ቆሞ ለማስተማር ነው፤ ሌላ ምኞት ኖሮት አያውቅም።

ቅዳሜ ለዘመድ ሠርግ ወደ መንደሩ ወረደ። አባቱ ከጓደኞቻቸው ጋር ዋዛ ይነፋሉ፤ በርታዎች ቅል በቅል እየቀጠሉ የሚሠሩት ረጅም ጥሩምባ ነው። አንዱ ዋዛ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማ የሚሆነው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። ጀዕፈር የማንጎ ጥላ ሥር ዐይኑን ጨፍኖ ሰማ። ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየተሻገረ ይዞራል፣ እሱም አብሮት የሚንሳፈፍ መሰለው። አባቱ ለእረፍት አጠገቡ ሲቀመጡ፣

"አባ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ድምፅ ብቻ ሲነፉ እንቅልፍ አይዝዎትም?" አላቸው።

ሽማግሌው ሳቁበት። "ተራዬ እየመጣ በምን ልቤ ልተኛ? እኔ ከተኛሁ ዜማው ይቀደዳል። የእኔን ደግሞ ማንም አይነፋልኝም።"

ጀዕፈር ከዚያ በኋላ የተወራውን አልሰማም። ወደ አሶሳ ሲመለስ በሚኒባሱ መስኮት ያየው ኮረብታውንና ቀርከሃውን አልነበረም፤ የአዳራሹ አግዳሚ ወንበሮች እንደ ዋዛ አንድ በአንድ ሲነፉ ነው የታዩት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሰኞ የዕለቱን ትምህርት፣ የዝናብ ውሃ እስከ ዓባይ የሚሄደውን ጉዞ፣ ለተማሪዎቹ እንደ ሎሚ አደላቸው። እያንዳንዱ አግዳሚ አንድ ቁራሽ ደረሰው፤ ዛሬ ከአግዳሚው አንዱ ይናገራል፣ በሌላ ቀን ጎረቤቱ። ውሃው ፊት ወንበር ላይ ይዘንባል፣ በመስኮቱ በኩል ተራራውን ይወርዳል፣ ኋላ ወንበር ሲደርስ የዳቡስን ወንዝ ይሆናል፣ በበሩ በኩል ዓባይ ሆኖ ይመለሳል። የሌላውን ተራ መናገር ክልክል ነው። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር! አንዱ ይረሳል፣ አንዷ ታፍራለች፣ ሁሉም ይስቃል። የሚስቅ ሰው ግን አይተኛም። እያደር ወንዙ መፍሰስ ጀመረ።

አንድ ከሰዓት ውጭ እያካፋ ሳለ ዶክተር ሰራዊት እመጣለሁ ሳይሉ መጥተው ኋላ፣ ባዶ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ቦታው የቃናኒ ነው። ይህች የባምባሲ ተማሪ የዚያን ቀን ዳቡስ ነበረች፤ አልመጣችም። ጀዕፈር ይህን አየ። ቢሆንም አስጀመረ። ዝናቡ ዘነበ፣ ጅረቱ ወረደ፣ ድምፁ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲሻገር የዶክተሩ አገጭ ቀስ ብሎ ደረታቸው ላይ አረፈ። ውሃው ኋላ ደረሰና ቆመ።

ዝም አለ አዳራሹ። ሁለት መቶ ፊት ወደ ኋላ ዞረ። ጀዕፈር ሁለት ቃል ጣል አድርጎ ክፍተቱን ሊሸፍነው ይችል ነበር፤ እንጀራው አፋፍ ላይ ነው። አባቱ ትዝ አሉትና አፉን ያዘ።

ዶክተሩን ያነቃቸው ዝምታው ነው። ብንን ብለው፣ "ምን... ምን ሆነ?" አሉ።

አጠገባቸው ያለው ልጅ ጎንበስ ብሎ፣ "ዶክተር፣ የተቀመጡት ዳቡስ ላይ ነው። ተራው የእርስዎ ነው" አላቸው።

ሰውዬው ብድግ አሉ። ስንት ዓመት አሶሳ ኖረዋል! "ዳቡስ..." ብለው ጀመሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከየት ነበር የሚመጣው?" አሉ።

"ቆዩ! ቆዩ! መጣሁ!"

ቃናኒ በሩ ላይ ናት፤ ጫማዋ በእጇ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ። "ሚኒባሱ ከተማው መግቢያ ላይ ተበላሽቶብን ሮጬ ነው የመጣሁት። እኔ ከሌለሁ አይፈስማ!" አለች። ከዚያ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተራዋን ተናገረች። "ዳቡስ ነኝ። ረግረጉ ውስጥ ተንጋልዬ፣ ሳልቸኩል ወደ ሰሜን እወርዳለሁ። ዓባይ ይጠብቀኛል።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ውሃው በበሩ በኩል ዓባይ ሆኖ ተመለሰ።

ክፍሉ ሲበተን ዶክተሩ አልወጡም። ጀዕፈር ጠመኔውን ይዞ እንደተገተረ ፍርዱን ጠበቀ።

"ተኝቼ ነበር" አሉ።

"አይቻለሁ ዶክተር።"

"ሰኞ እኔ ምንድን ነኝ?"

ጀዕፈር በጠመኔው ወደ ፊት ወንበር ጠቆመ። "ዝናቡን ይሁኑ" አላቸው። "ከዘገዩ ግን ወንዙ አይጀምርም።"

ስለ ቪዲዮው ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም። ሰኞ ተማሪዎቹ ሲመጡ ዶክተር ሰራዊት በተቆለፈው የአዳራሹ በር ላይ ቆመው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ተራቸውን ያጠኑ ነበር።