ስለ ቦክሰኛው የረታሁበት ቀን

እናቴ በሞተች ማግስት፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለው ሰው ሁሉ መሞቷን ሰምቶ እኔ ብቻ ሳልሰማ፣ ስለ አንድ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ስከራከር ዋልኩ። ክርክሩንም ረታሁ። ስረታ ጠረጴዛ መትቼ መሳቄን አስታውሳለሁ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። እዚያው ከተማ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ የክርክር ጓደኛዬ ደግሞ ሒሳብ የሚያስተምር የአንኮበር ሰው ነው። ቦክሰኛውን ሁለታችንም በዓይናችን አይተነው አናውቅም። የምናውቀው ከትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ሬዲዮ ነው፤ እሱም ነፋስ በተነሣ ቁጥር እየተንጫጫ ግማሹን ዙር ይበላዋል፣ የተበላውን እኛ እንሞላዋለን። አንድ ፎቶግራፉም ነበረን፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ የተቀደደ፣ ግራ ክንዱ የሌለ። በዚህ ማስረጃ ነው እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቅነው።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ሰውዬው በጉብዝናው ጫፍ ላይ የነበረው ገና ማንም ሳይነካው፣ ቀበቶውን መጀመሪያ ሲወስድ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ «የለም፣ ተመትቶ ወድቆ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ያልወደቀ ሰው ልኩ አይታወቅም» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ከዚህች ቃል ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። እኔም አልሻልም። እነዚህ ሰዎች ከጀመሩ ቤቱ ቢቃጠል አይነሡም ይሉን ነበር።

እናቴ የምትኖረው ከራቤል ወዲያ ነው። ማምሻውን አረፈች፤ የአጎቴ ጎረቤት ወሬውንና የቀብሯን ሰዓት ይዞ ሌሊቱን ሲገሰግስ አድሮ ጠዋት ነፍስ አባቴ ቤት ደረሰ። መርዶ ደግሞ በእኛ አገር ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በር ተንኳኩቶ። በጠራራ ፀሐይ ሰው ላይ አይጣልም። ስለዚህ እስከ ማግስቱ ንጋት ድረስ ወሬ ሳይደርሰኝ የሚያውለኝ ሰው አስፈለገ። ማን እንደ ተመረጠ መገመት አያቅትም።

ትምህርት የሌለበት ቀን ነበር። ጓደኛዬ ገና በጠዋቱ ቤቴ መጣና ሳይቀመጥ «ያንን ነገር ዛሬ እንጨርሰው» አለኝ። ደስ አለኝ። የለመድንበት ጠላ ቤት ሄደን ቁጭ አልን። ባለቤቲቱ ሳልጠይቃት የባቄላ ቆሎ አመጣችልኝ፤ ፊቴን ግን አታየኝም። የሚገባው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥግ ይይዛል። በክርክራችን የተመሰጡ መስሎኝ ለእነሱም እንዲሰማ ብዬ ጮክ ብዬ አወራ ጀመር።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ላይ «ወድቆ ከተነሣ በኋላ ያሸነፋቸውን እስቲ ቁጠራቸው፤ ሁሉም ያረጁ ያፈጁ ናቸው» አልኩት። የዘወትር መልሱን ስጠብቅ ወደ በሩ ዞሮ ፀሐይዋን አየ። ከዚያ «እሺ፣ ልክ ነህ። ረትተኸኛል» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ጠረጴዛውን የመታሁት። «ሰማችሁ? አመነ!» ብዬ ለቤቱ ሁሉ አወጅኩ። ማንም አልሳቀም። ቀንተውብኝ ነው አልኩ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ባይ ነፍስ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው ጓደኛዬና የጠላ ቤቱ ሰዎች፣ ወንዱም ሴቱም፣ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ጽና» አሉኝ። «ሁላችንም ተራ ጠባቂዎች ነን። እናትህ አርፈዋል። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፈር ለብሰዋል።»

ሴቶቹ ጮኹ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ውርጭ ያደነዘዘው ጣት ሲቆነጥጡት እንደማያመው ነበርኩ። ስለ እናቴ ላስብ ስል ክንዱ የተቀደደው ቦክሰኛ ይመጣብኛል። እናቴ ቀዬ ደርሰን ለቅሶ ላይም እንዲሁ ሆንኩ። አልቃሿ እናቴን እያነሣች አገሩን ስታስለቅስ እኔ ደረቅ ዓይኔን ይዤ ተቀመጥኩ። አክስቴ «ከተማ ልቡን አደነደነው» ስትል ሰማኋት።

ለአርባዋ ጓደኛዬ አብሮኝ ሄደ። መንገድ ላይ ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ።

«ያን ዕለት በቅሎ ለምኜ አዘጋጅቼ ነበር። አሁኑኑ እንንገረውና ይድረስ፣ በእጁ አፈር ያልብሳቸው ብዬ አባን ለመንኳቸው። ‹ደንግጦ ገደል ቢገባስ? ሥርዓቱ ይጠበቅ› አሉኝ።»

«ብትነግሩኝ እደርስ ነበር?»

«በደህና በቅሎ... እንጃ።» ጥቂት ሄደና «ደስ ብሎህ ነበር'ኮ ያን ቀን» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ያላለቀስኩት አይቆጨኝም። እናቴ አፈር ስትገባ መሳቄ ነው የሚቆጨኝ። እሱን መቆጣት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ቁጣ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። በቅሎ ለምኖልኝም ነበርና ማመስገንም ይገባኝ ነበር፤ እሱንም አላደረግሁም። ዳገቱን ወጣን።

ስለዚያ ቦክሰኛ ዳግመኛ አላነሣንም። እኔም ሥራዬን ያዝኩ፤ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ሲበላ እበላለሁ። በዓመቱ የክፍሌ ሰሌዳ ተሰንጥቆ አዲስ እንዲሰጡኝ ልጠይቅ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ሰውዬው ለአንዲት ጠመኔ ግማሽ ቀን የሚያከራክሩ ናቸው፤ የምለውን ሁሉ ሌሊት ሳሰላስል ነው ያደርኩት። ገና አፌን ስከፍት «ይሁን፣ ውሰድ» አሉኝ።

ተቀመጥ ሳይሉኝ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩና «ማን ሞተብኝ?» አልኳቸው።