ስሙ የተሸፈነው ጉድጓድ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ሰው ልጠረጥር እንደምችል ያወቅሁት ያኔ ስለሆነ እስከዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የወሎ ሰው ነኝ፤ ሜልበርን መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ከባለቤቴ ከሀዋ ጋር ሜድስቶን የሚባል ሰፈር እንኖራለን። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስጋ ፋብሪካ ውስጥ አራጅ ነበርኩ። እዚህ አገር አሠሪ ለሠራተኛው የሚያጠራቅምለት የጡረታ ገንዘብ አለ፤ ሱፐር እንለዋለን። የእኔን ሳልነካ ያቆየሁት በምክንያት ነው። ከእሱ ላይ አውጥቼ በእናቴ በዘሀራ ስም የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር እፈልግ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የቀዳችው ከገደል ሥር ነው፤ ወገቧን ያጎበጠውም እንስራ ነው።

ለሀዋ አልነገርኳትም። ሰደቃ ተደብቆ ሲሰጥ ነው የሚወደደው፤ እኛ ቤት እንዲያ ተብለን ነው ያደግነው።

ፖይንት ኩክ የሚኖር ሰይድ የሚባል የአገራችን ልጅ አለ። አውቶቡስ ነጂ ነው። ከሰው ገንዘብ ተቀብሎ፣ አገር ቤት ባለ ወንድሙ በኩል ጉድጓድ ያስቆፍራል። ደውዬ ሐሳቤን ነገርኩትና የእናቴን መንደር ጠራሁለት። የመንደሩን ስም መልሶ ጠየቀኝ። ከዚያ፣ «ጋሼ ይማም፣ እዚያስ ይቅርብዎ፤ ሌላ ቦታ ይምረጡ» አለኝ። ለምን ስለው ሌላ ሰው ቀድሞ እዚያው አስቆፍሯል አለ። ማን እንደሆነ ብጠይቀው፣ ላልናገር ቃል ገብቻለሁ ብሎ እምቢ አለኝ።

ለሱፐር ድርጅቱ ግን ገንዘቡ ይውጣልኝ ብዬ አመልክቼ ነበር። በማግሥቱ አንዲት ሴት ደወለች። ገንዘቡን እንዳወጣ የገፋፋኝ ሰው እንዳለ፣ ለቤተሰብ እንዳልናገር የመከረኝ እንዳለ ጠየቀችኝ። ቀጥላም፣ «ባለቤትዎ ያውቃሉ?» አለች። ሌባዋ ራሷ ናት ብዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። በማውቀው የድርጅቱ ቁጥር መልሼ ስደውል ከእሷው ጋር አገናኙኝ። ተጭበርብረው የሚደውሉላት ሽማግሌዎች ሁሉ ለማንም አልተናገርንም የሚሉ እንደሆኑ ነገረችኝ። ማስረጃ እስካገኝ ድረስም ገንዘቡ እንዲቆይ መከረችኝ። ሰደቃ መደበቅ ወጋችን መሆኑን በየትኛው እንግሊዝኛዬ ላስረዳት? እሺ ብዬ ዘጋሁ።

ጥያቄዋ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሰይድን፣ ተቆፍሯል ላልከው ጉድጓድ ማስረጃ አምጣ አልኩት። «አሁን ድራይቭ እያደረግኩ ነው፤ ማታ ፎቶውን ሴንድ አደርግልዎታለሁ» አለና ላከልኝ። ባለ እጀታ ፓምፕ፣ ቢጫ ጀሪካን የያዙ ሴቶች፣ ከጎን የሲሚንቶ ሰሌዳ ይታያል። ሰሌዳው ላይ ያለው ስም በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። ከበስተኋላ ያለው ጋራ የእኛን ጋራ መሰለኝ። መምሰሉ ይበልጥ አበሸቀኝ፤ ልቤን ሊያባባ ፈልጎ መርጦ ያመጣው ነው አልኩ። ስሙን ግለጥልኝ ብለው፣ «አልችልም ጋሼ፤ አማና ነው፣ አደራ አልበላም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰይድ ምን ቢያደርግ አላምረኝ አለ። መስጊድ ውስጥ አይቶኝ አንገቱን ሲደፋ፣ አፍሮ ነው እላለሁ። ስልክ ሳያነሳ ሲቀር ሸሸኝ፤ ሲያነሳ ደግሞ እንዴት ደፈረ እላለሁ።

ዓርብ ጧት ልብሴን ለባበስኩ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተነሥቼ፣ ሰይድ ሌባ ነው፣ ገንዘባችሁን እንዳትሰጡት ብዬ ለጀመዓው ልናገር ቆርጫለሁ። ለሀዋም ይህንኑ ነገርኳት። ስቆጣ ደብቄው የነበረው ሰደቃዬም አብሮ ወጣ።

ሀዋ የታጠበውን ሰሃን እንደገና ታጥባለች። ሰው ሳማ ቀድማ የምትቆጣኝ እሷ ነበረች፤ ያን ቀን ግን ዝም አለች። ይቺም የምታውቀው ነገር አለ ብዬ ጠረጠርኳት።

«ይማም፣ ጫማህን አውልቅና ቁጭ በል» አለችኝ። ተቀመጥኩ። «ጉድጓዱን ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ።»

ሀዋ ለዓመታት ሕፃናት ስትጠብቅ ኖራ አምና ነው ጡረታ የወጣችው፤ የራሷ ሱፐር ነበራት። በማን ስም እንዳስቆፈረችው ጠየቅኳት።

«በእናትህ ስም። አንተ ሱዳን ሆነህ እኔ እሷ ቤት ነፍሰ ጡር ሳለሁ፣ እኔ እንዳልወርድ ብላ ሁለቴ እየተመላለሰች የእኔንም የምትቀዳው እሷ ነበረች።»

ይህን አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም፤ እናቴም አልነገረችኝም።

«ለአላህ ብቻ ብዬ ያደረግኩት ነበር» አለች ሀዋ እጇን እያደረቀች፤ «የሰው ስም ከሚጠፋ ግን ይታወቅ።»

እዚያው ፊቴ ለሰይድ ደወለችና ከቃሉ ፈታችው። ወዲያው ያ ፎቶ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ቀለም የለበትም። ሰሌዳው ላይ ዘሀራ ይላል። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ እናቴ የሞተች ዕለት እንኳ።

መስጊድ ሄጄ ከሰይድ ጎን ሰገድኩ። ሶላቱ ሲያበቃ አውፍ በለኝ አልኩት። ምን አደረጉኝና ሲለኝ፣ ልናገርበት ያሰብኩትን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። «እኔ የፈራሁት እትዬ ሀዋን እንዳላስቀይም ብቻ ነበር» አለኝ። አውፍም አለኝ። በእኔ ገንዘብም እሱ በመረጠው ሌላ መንደር እንዲቆፈር ተስማማን።

ትንሽ ቆይቶ የሱፐሯ ሴት ደወለች። ማስረጃውን ማግኘቴን ነገርኳት።

«ባለቤትዎስ፣ አሁን ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር» አልኳት።

ገንዘቡ ወጣ። አሁንም ሰይድን ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ፤ ያን ዓርብ ሀዋ ዝም ብትል ኖሮ ብዬ ሳስብ ደግሞ ይዘገንነኛል። መጠርጠሩን ግን ጨርሼ አልተውኩትም፤ አሁን የምጠረጥረው ሀዋን ብቻ ነው። ሌላ ምን ደብቃ ሰጥታ ይሆን እያልኩ በጎን አያታለሁ። እሷ አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቃትም።