ቆላ ይቀመጡ ያልኳቸው ሰው

ለንደን፣ ካምደን ሰፈር ውስጥ ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ ሰዎች በሚታዩበት አንድ ክሊኒክ ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አለቃዬ ማርጋሬት የት እንደተወለድኩ ጠየቀችኝ። ላስታ አልኳት፤ ደረቅና ብርዳም ተራራ ነው። «እንግዲያው ተራራ የሚወጡትን አንቺ ታያቸዋለሽ» አለችኝ።

ሥራችን ክትባት መውጋት ብቻ አልነበረም። የደም ግፊት እንለካለን፣ ጣት ላይ በምትሰካ መሣሪያ ኦክስጅን ቼክ እናደርጋለን፣ ከዚያ እንመክራለን። ተራራ ላይ ሊኖሩ ለሚሄዱት የምነግራቸው ያደግኩበትን ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ዳገት ላይ አትቸኩሉ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ብርድ ነው ብላችሁ ፀሐዩን አትናቁ፤ ከንፈራችሁን ቅባት ቀቡ። ራስ ምታቱ አልለቅ ካለ ነገን ሳትጠብቁ ውረዱ።

አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ሰምተውኝ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ ፎቶ ይልኩልኛል።

አቶ ጌታሁን ግን ገና ከበሩ ሲገቡ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ከአርችዌይ ሰፈር ይዛቸው የመጣችው ልጃቸው ሣራ ናት። ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሳንባቸው ተጎድቷል። የላስታ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ታላቅ ወንድማቸው እዚያው ተራራ ላይ ናቸው፤ አርጅተው እግራቸው ከድቷቸዋል። አቶ ጌታሁን ሄደው አብረዋቸው መኖር ፈለጉ።

«ሐኪሙ አይሆንም ብሏል» አለች ሣራ። «ፕሊዝ ሲስተር፣ ሪስኩን ይንገሩት።»

መሣሪያዋን ጣታቸው ላይ ሰካሁ። ቁጥሩ እዚሁ ለንደን እንኳ ዝቅ ያለ ነበር።

«አንቺ የአገሩ ሰው ነሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ።

«አቶ ጌታሁን፣ የላይኛው አየር አይበቃዎትም። ከተራራው ግርጌ ቆቦ ይቀመጡ፤ ቆላ ስለሆነ ትንፋሽ ያገኛሉ። ወንድምዎ ይውረዱልዎት።»

«ተራራውን ከታች ሆኜ ልየው?» አሉ።

«አዎ» አልኳቸው።

ሄደው ቆቦ ቤት ተከራዩ። ሣራ አልፎ አልፎ ትደውልልኝ ነበር። ማለዳ ማለዳ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ወደ ተራራው እያዩ ከወንድማቸው ጋር በስልክ ያወራሉ አለችኝ። ወንድማቸውን በመኪና ሊያወርዷቸው ተነጋግረው ሳለ ክረምቱ ገባ፤ ናዳ መንገዱን ዘጋው። እስኪከፈት እንጠብቅ ተባባሉ።

መንገዱ በተከፈተ ሰሞን፣ አባቷን ልትጠይቅ የሄደችው ሣራ ከቆቦ ደወለች። አባቷ በዚያው ጧት አርፈዋል። አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

«ሲስተር» አለችኝ፣ «አሁን ወደ ላይ ብንወስደው ችግር የለውም አይደል?»

«የለውም» አልኳት። «ውሰዷቸው።»

ወንድማቸው በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ በሰው ተደግፈው መጥተው ተቀበሏቸው። ይህንንም የነገረችኝ ሣራ ናት።

አሁን እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። አንድ ቀን ወደ ደጋ አገራችን እንመለሳለን የሚሉ ሰዎች ምክር ይጠይቁኛል። ሳንባችሁ ደህና ሳለ ሂዱ እላቸዋለሁ። ከዘገያችሁ ከታች ኑሩ፤ ልታዩት የምትፈልጉትን ሰው ግን ክረምት ሳይገባ አስመጡት።